ከጽሕፈት መኪና እስከ ዩኒኮድ፤ የአማርኛ ጽሑፍን የማጥራት ሥራ

ካዛንቺስ የሚለው የሰፈር ስም ራሱ የጽሑፍ ታሪክ አለው። በኢጣሊያ ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ የሚያሠራው የኢጣሊያ ድርጅት በምሕጻረ ቃል «ኢንቺስ» ይባል ነበር። ቤቶቹም «ካዜ ኢንቺስ»፣ ማለትም የኢንቺስ ቤቶች፣ ተባሉ። የአዲስ አበባ ሰው ሁለቱን ቃል አጣብቆ ለአፉ እንዲመቸው አድርጎ ያዘው። አፍ ያስማማውን ግን ብዕር አላስማማውም፤ ካዛንቺስ፣ ካዛንችስ፣ ካሳንቺስ እየተባለ እስከ ዛሬ ይጻፋል። ለአንባቢ ሦስቱም አንድ ሰፈር ናቸው። ለኮምፒዩተር ግን ሦስት ልዩ ልዩ ቃላት ስለ ሆኑ አንዱን ፈልግ ቢሉት ሌሎቹን አያመጣም። በ2017 ዓ.ም. የሰፈሩ ሰፊ ክፍል ፈርሶ ነዋሪው ወደየአቅጣጫው ከተዛወረ ወዲህ የቀድሞው ካዛንቺስ የሚገኘው ከሰው ትዝታ ቀጥሎ በሰነድ ውስጥ ነው። የሰነዱ ጽሑፍ መነበብና መገኘት እንግዲህ የጸሐፊዎች የውስጥ ጉዳይ ብቻ ሊሆን አይችልም።

ችግሩ ከኮምፒዩተር በፊት የጀመረ ነው። 33ቱ የፊደል ቤቶች በ7 ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹ፣ አኃዞቹና ሥርዓተ ነጥቦቹ ገና አልተቈጠሩም። የጽሕፈት መኪና ቁልፎች ግን 50 እንኳ አይሞሉም፤ እያንዳንዱም ቁልፍ የሚሸከመው ሁለት ምልክት ነው። ኢንጂነር አያና ብሩ ከወረራው በፊት ባሉት ዓመታት የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ለማበጀት ሲነሡ የገጠማቸው ይህ ሒሳብ ነበር። የአማርኛ መኪና የተገኘውም የፊደሉን አካል ከቅጥያው በመለየት፣ ሁለቱንም በየራሳቸው ምት በማተም ነው። ቅጥያው አንዳንድ ጊዜ ከአካሉ ይርቃል፤ አንዳንድ ጊዜም ይነባበራል። የዚያን ጊዜ ማጥሪያ ላጲስ ነበር፤ ከሥር ካርቦን ካለ ደግሞ እያንዳንዱን ቅጂ ለየብቻ መፋቅ ያስፈልጋል።

በዚሁ አካባቢ፣ እ.ኤ.አ. በ1958 በተመሠረተው የአፍሪቃ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1980 ፓዲስ የተባለ የመላ አፍሪቃ የሰነድና የመረጃ ሥርዓት ተቋቋመ። አማርኛ ግን ወደ ኮምፒዩተር የገባው በሌላ በር ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በአሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን፣ ከእነዚህም መካከል ፍስሐ አጥላውና ዶክተር አበራ ሞላ፣ ለፊደሉ የሚሆን ፕሮግራም አዘጋጁ። ማን ቀደመ የሚለው ክርክር ለጊዜው ይቈይ። ቀጥሎም ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ በአዲስ አበባ መሥሪያ ቤቶችና የኮምፒዩተር ጽሕፈት በሚሠራባቸው ሱቆች ሁሉ ተለመዱ።

የእነዚያ ዘመን ፕሮግራሞች የገጠማቸው ሒሳብ የአያና ብሩን ሒሳብ ይመስላል። በጊዜው አንድ የፊደል ገበታ (ፎንት) የነበረው ቦታ ቢበዛ 256 ሲሆን ከዚያም ላይ ለማሽኑ ለራሱ ትእዛዝ የተያዘ አለ። አንዳንዱ ፊደሉን ለሁለትና ለሦስት ፎንት ከፋፈለው፤ ሌላው እንደ ጽሕፈት መኪናው አካልና ቅጥያን ለይቶ አስቀመጠ። በሁሉም ዘንድ ግን ማሽኑ የመዘገበው የላቲን ፊደል ቍጥር ነው፤ አማርኛ ያደረገው የለበሰው ፎንት ብቻ ነበር። ፎንቱ በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈት ደብዳቤው ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ክምር ይሆናል።

እዚህ ላይ አንድ የታወቀ የሥራ ማቅለያ ወደ ጥፋት ይለወጣል። ከሌላ ቦታ የተቀዳ ጽሑፍ መጠኑና ቀለሙ ሲዘበራረቅ በመጀመሪያ ወደ ኖትፓድ ገልብጦ፣ ጌጡን ሁሉ አራግፎ፣ እንደገና ወደ ዎርድ መመለስ የተለመደ ነው። ለእንግሊዝኛ ጽሑፍ መልካም ዘዴ ነው። በአሮጌ የአማርኛ ፋይል ላይ ግን የሚራገፈው ጌጥ ሳይሆን ቋንቋው ነው። የፎንቱ ስም ሲጠፋ የትኛው ፊደል አማርኛ፣ የትኛው እውነተኛ እንግሊዝኛ እንደ ነበረ የሚለይ ምልክት ይጠፋል፤ ለዋጭ ፕሮግራሙም በመካከል ያለውን የእንግሊዝኛ ስም ወደ ግዕዝ ፊደል ፈጭቶ ያወጣዋል። ስለዚህ ማጥራት የሚጀምረው ጽሑፉ በየትኛው ፕሮግራም እንደ ተጻፈ በማወቅ ነው። አካልና ቅጥያ በተለያዩበት ጽሑፍ ደግሞ መጀመሪያ ሁለቱ በአንድነት፣ በኋላ ብቻውን የቆመው አካል መለወጥ አለበት። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ በየቃሉ ቅጥያ ተንጠልጥሎ ይቀራል።

እ.ኤ.አ. በመስከረም 1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ለግዕዝ ፊደል 345 ቦታ ሰጠ። ከዚያ ወዲህ ሀ በየትም አገር፣ በየትኛውም ፎንት፣ ያው ሀ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ለሕዝብ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታም ኒያላ የተባለውን ፎንትና የአማርኛ መጻፊያ ገበታን ይዞ መጣ። አሮጌው ፋይል ግን በራሱ አልተለወጠም፤ የጸሐፊውም እጅ እንዲሁ። አራት ነጥብን በሁለት ነጥብ ድርብ የመጻፍ ልማድ እስከ ዛሬ አለ። ለዓይን «፡፡» እና «።» አንድ ናቸው፤ ለማሽኑ የፊተኛው ሁለት ምልክት፣ የኋለኛው አንድ ነው። ዓረፍተ ነገር የሚቈጥር ፕሮግራም የፊተኛውን አያውቀውም። በ«ፈልገህ ተካ» ትእዛዝ ሲስተካከልም ድርቡ ይቀድማል፤ ነጠላው ከቀደመ ድርቡ አይገኝም። የላቲኑን ሁለት ነጥብ በጅምላ የሚተካም የስብሰባውን ሰዓት 3:30 አብሮ ያበላሻል።

ከሁሉ የከበደው የሞክሼ ፊደላት ነገር ነው። ፀሐይ የሚለው ቃል በጸ ወይም በፀ፣ ከዚያም በሀ፣ በሃ፣ በሐ፣ በሓ፣ በኀ ወይም በኃ ሊጻፍ ይችላል፤ ንባቡ ሳይለወጥ አሥራ ሁለት መልክ መሆኑ ነው። ለፍለጋ ሲባል ሞክሼዎቹን ወደ አንድ መጠቅለል ተገቢ ነው፤ አለበለዚያ በኃይሉ ስም የተከፈተ ፋይል ሀይሉ ብሎ ለሚፈልገው ባለጉዳይ የለም ይባላል። በመጀመሪያው ሰነድ ላይ ይህን ማድረግ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ድኅነት የሚለው የመዳን ቃል ድህነት ይሆናል፤ የሠረቀችውም ፀሐይ ትሰርቃለች። መጠቅለሉ በፍለጋው ማውጫ ላይ ይደረግ፤ ሰነዱ ጸሐፊው እንደ ተወው ይቀመጥ፤ በአጠገቡም የተጻፈበት ፕሮግራምና ዓመት ይመዝገብ። የካዛንቺስን የቤት ፋይል የሚፈልግ ሠራተኛም እስከዚያው ድረስ ስሙን በሦስቱም አጻጻፍ መሞከር ይኖርበታል።