ሶዶን የሚወጣ ሳይክል ዕድሜው ስንት ነው?

ወላይታ ሶዶ ውስጥ የሳይክላችሁ ጎማ ተንፍሶባችሁ ካወቀ፣ ሳይክሉን እየገፋችሁ የሄዳችሁት ጎሚስታ ጋ ነው። ጎሚስታው ጎማውን በካቻቢቴ ፈልቅቆ ከመነዳሪውን ያወጣል፤ ውሃ ውስጥ ነክሮ አረፋ የሚወጣበትን ቀዳዳ ፈልጎ ይለጥፋል። ቸርኬው ተጣሞ እንደሆነም በዚያው ያየዋል፣ ካስፈለገ ፒንሳ ያነሳል። እስቲ እነዚህን ስሞች መለስ ብላችሁ ተመልከቷቸው። ጎሚስታ፣ ጎማ፣ ካቻቢቴ፣ ከመነዳሪ፣ ቸርኬ፣ ፒንሳ፤ ሁሉም ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ከመነዳሪ «ካሜራ ዳርያ» ከሚለው የወጣ ሲሆን ትርጉሙ «የአየር ክፍል» ነው። ሳይክሉ ራሱ ደግሞ ሁለት ስም ይዞ ነው የሚኖረው። ስንጽፍ «ብስክሌት» የምንለው ፈረንሳይኛ ነው፤ ስናወራ «ሳይክል» የምንለው እንግሊዝኛ።

ቃላቱ በአጋጣሚ አልመጡም። ሳይክል በእኛ አካባቢ ሥር የሰደደው ጣሊያኖች በሰፈሩበት አስመራ ነው። እዚያም ቢሆን በፋሺስት ዘመን ጥቁር ጋላቢ ከነጭ ጋር አይወዳደርም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1939 ለሁለቱም ወገን በተፈቀደ አንድ ውድድር ላይ ኤርትራዊው ገብረማርያም ገብሩ ጣሊያኖቹን ቀድሞ ገባ። ጣሊያን ከተሸነፈች በኋላ በ1946 የመጀመሪያው የኤርትራ ዙር ውድድር ተካሄደ። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ ኤርትራ በፌዴሬሽን ከኢትዮጵያ ጋር በነበረችበት ጊዜ፣ አገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ በሜልቦርን ኦሎምፒክ ስትሳተፍ ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም ነበሩ። ገረመው ደንቦባ በዚያ ከ187 ኪሎ ሜትር በላይ በሚረዝመው የጎዳና ውድድር ተሰለፈ፤ በ1960 ሮም ላይም ተመለሰ። የሮምን ኦሎምፒክ ሁላችንም በአበበ ቢቂላ እንጂ በብስክሌት አናስታውሰውም። በቱር ደ ፍራንስ የጋለበውን የመጀመሪያ ኢትዮጵያዊ፣ የመቀሌውን ጽጋቡ ግርማይን፣ ለማየት እስከ 2016 መጠበቅ ነበረብን።

ታዲያ ይህ ሁሉ ሲሆን ሳይክል ሶዶ ላይ ለምን አልሰፋም? ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ባህላችን ስላልሆነ ነው» የሚል ነው። እኔ ይህ መልስ ስንፍና ይመስለኛል። መልሱ ያለው መሬቱና ማሽኑ ላይ ነው።

ዛሬ የምናውቀው ቅርጽ ያለው፣ ሁለት እኩል ጎማና የኋላውን ጎማ የሚያዞር ሰንሰለት ያለው ሳይክል ገበያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1885 በእንግሊዛዊው ጆን ኬምፕ ስታርሊ እጅ ነው። በ1888 ደንሎፕ በአየር የሚሞላውን ጎማ ጨመረበት። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት የአውሮፓ ከተሞች በሳይክል ፍቅር አበዱ። በእነዚያው ዓመታት፣ በ1887 ዓ.ም.፣ ወላይታ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመቻ ውስጥ ነበረች፤ ካዎ ጦናም የተማረኩት ያኔ ነው። ግን ሰላም ሆኖ ሳይክል ቢደርስ እንኳ ለሶዶ ምን ይፈይድ ነበር? ያ ሳይክል ማርሽ አልነበረውም እኮ።

ይህን በቁጥር እንየው። እናንተና ሳይክላችሁ አንድ ላይ 85 ኪሎ ትመዝናላችሁ እንበል። በየ100 ሜትሩ 8 ሜትር ከፍ የሚል ዳገት ገጠማችሁ። አዘውትሮ የሚጋልብ ጤነኛ ሰው ለረጅም ጊዜ ሊያወጣ የሚችለው ጉልበት ወደ 150 ዋት ነው። በዚህ ጉልበት ዳገቱን በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር ገደማ ትወጡታላችሁ። ማርሽ የሌለው የድሮ ሳይክል ፔዳሉ አንዴ ሲዞር 5 ሜትር ተኩል ያህል ይሄዳል። ስለዚህ እግራችሁ በደቂቃ 25 ጊዜ ብቻ እያዞረ፣ በእያንዳንዱ ዙር በአማካይ ወደ 35 ኪሎ ክብደት መግፋት አለበት። ጥቂት ደቂቃ ትችሉታላችሁ፤ ከዚያ ጉልበታችሁ ይከዳችሁና ወርዳችሁ ትገፋላችሁ። በዝቅተኛ ማርሽ ግን ፔዳሉ አንዴ ሲዞር ሳይክሉ አንድ ሜትር ተኩል ብቻ ይሄዳል። እግር በደቂቃ 90 ጊዜ ይዞራል፣ የሚገፋው ግን ከ10 ኪሎ በታች ነው። ሥራው ያው ነው፤ ሰውነታችን ግን የሚችለው ሁለተኛውን ነው።

ቱር ደ ፍራንስ እንኳ ሰንሰለት የሚያዘዋውር ማርሽ የፈቀደው በ1937 ነው። ለድንጋይና ለአፈር መንገድ የሚሆን፣ ወፍራም ጎማና በጣም ዝቅተኛ ማርሽ ያለው ማውንቴን ባይክ ካሊፎርኒያ ውስጥ የተወለደው በ1970ዎቹ ማብቂያ ሲሆን በብዛት መመረት የጀመረው ከ1981 ወዲህ ነው። ስለዚህ የዳሞታ ተራራን ጥግ ይዛ በተቀመጠች ከተማ ተቀምጠን ሊነዱት የሚቻለው ሳይክል ዕድሜው ገና አርባ ምናምን ዓመት ነው። እኛ ጋ ሲደርስ ደግሞ ሥራውን ሞተርና ባጃጅ ወስደውበታል። ሜዳ ላይ ያሉት እነ ድሬዳዋ፣ ባሕር ዳርና ሐዋሳ ሳይክልን ለሥራ ሲያውሉት፣ ለሶዶው ሰው የቀረለት መዝናኛነቱ ነው።

ይህ ሰው ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ፣ ባጃጁና አይሱዙው ሳይበዛ ይነሳል። ሶዶ የመንገዶች መገናኛ ናትና ምርጫ አለው፤ በሰሜን አረካ፣ በምሥራቅ ቦዲቲ፣ በደቡብ ሁምቦ። የቦዲቲው መንገድ ታሪክም አለው። በግንቦት 1933 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር አፍሪካውያን ወታደሮች ቁሊቶ ላይ የብላቴን ወንዝ ተሻግረው ሶዶን ከጣሊያን ያስለቀቁት በዚያ በኩል መጥተው ነው። ወላይታ በገጠር የሕዝብ ጥግግት በኢትዮጵያ ቀዳሚ ከሆኑት አካባቢዎች አንዷ ስለሆነች መንገዱ ባዶ ሆኖ አያውቅም። ገበያ የሚሄዱ እናቶች ሸክም ይዘው፣ አህዮች፣ ተማሪዎች፣ ሁሉም በአስፋልቱ ጠርዝ ነው የሚሄዱት። ጋላቢውም እዚያው ነው፤ «ሳሮ» እያለ ሰላምታ እየሰጠ ያልፋል። ልጆች ከኋላው ይሮጣሉ፤ ዳገት ላይ አንዳንዴ ይቀድሙታል።

ችግሩ ከኋላ የሚመጣው መኪና ነው። ጡሩንባ ሲነፋ ጋላቢው ወደ ጠጠሩ ይወርዳል፤ ጠጠሩ ላይ ደግሞ እግረኛ አለ። «ባህላችን አይደለም» የሚለው አባባል የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። ባህላችን ካልሆነ መንገድ ሲሠራ ቦታ አይተውለትማ! አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ብላ መንገዶቿን ለአንዳንድ እሑዶች ከመኪና ነጻ ማድረግ ጀመረች፤ አሁን በኮሪደር ልማቱ የሳይክል መስመር እየሠራች ነው። አገሪቱም ከ2020 እስከ 2029 የሚዘልቅ ሞተር አልባ የትራንስፖርት ስትራቴጂ አላት። ኮሪደሩ ወደ ክልል ከተሞች እየወረደ ባለበት በዚህ ሰዓት፣ የጠርዙን አንድ ሜትር ተኩል ማን እንደሚያገኘው የሚወሰነው አሁን በሚሣለው ንድፍ ነው። አንዴ አስፋልቱ ከፈሰሰና ቱቦው ከተቀበረ በኋላ ማስፋት ከባድ ነው።

በሁምቦ በኩል እስከ አባያ ሐይቅ ጥግ የሚወርድ ጋላቢ ከሶዶ 800 ሜትር ገደማ ዝቅ ይላል። ይህን ከፍታ በ150 ዋት ለመመለስ፣ የነፋስና የጎማ ሰበቃ ሳይቆጠር፣ አንድ ሰዓት ከሩብ ያህል ይፈጃል። የሰውነታችን ጡንቻ ከምግብ ወደ ሥራ የሚለውጠው አንድ አምስተኛውን ወይም ትንሽ ከፍ ያለውን ስለሆነ፣ የዚህ ዳገት ሒሳብ በወላይታ ስኳር ድንች ሲተመን ከ800 ግራም በላይ የተቀቀለ ነው።

ቁልቁለቱ ግን ሌላ ነገር ይዟል። ሶዶ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ጠለል ወደ አንድ አምስተኛ የሚጠጋ ይሳሳል፤ ለሳንባ ጉዳት ቢሆንም ሳይክሉን የሚይዘው ነፋስም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ስለዚህ ሳትፔድሉ ስትወርዱ በባሕር ዳርቻ ካለ ተመሳሳይ ቁልቁለት ወደ 10 በመቶ ፈጥናችሁ ትሄዳላችሁ። ነፋሱ ያልወሰደውን ኃይል የሚወስደው ፍሬኑ ነው፤ ቸርኬው የሚግለውም ለዚህ ነው። ሁምቦ ሳትደርሱ አንድ ቦታ ቆማችሁ በጣታችሁ ጫፍ ንኩት፤ ካቃጠላችሁ ቸርኬው እስኪበርድ እዚያው ጠብቁ።