የአቃቂ ኮረብታዎችና የእግር መንገዳቸው

ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ የሚወጣ መንገደኛ ቃሊቲን አልፎ ወደ አቃቂ ሲቃረብ፣ በሜዳው ላይ ለየብቻቸው የተነሡ ክብ ክብ ኮረብታዎችን ያያል። አንዳንዶቹ ሣርና ቁጥቋጦ ለብሰው ገና ሙሉ ናቸው። ሌሎቹ ግን ጎናቸው ተንዶ፣ ቀዩ ውስጣቸው ወጥቶ፣ እንደ ተቆረሰ ድፎ ዳቦ ቆመዋል። መንገደኛው በመኪና የሚሄድ ከሆነ ይህን ዐይቶ ያልፋል። በእግሩ የሚሄድ ከሆነ ግን መጠየቁ አይቀርም። ይህን ኮረብታ ማን ቆረሰው? የተቆረሰውስ ወዴት ሄደ? የቀረውስ ምን ይሁን? እኛም በዚህ ጽሑፍ እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች በየተራ እንመለከታለን፤ ሦስተኛው በተለይ የሁላችንንም ሐሳብ የሚሻ ነውና።

በመጀመሪያ ከስም እንነሣ። በዚህ አካባቢ ከሚታወቁት ቦታዎች አንዱ ቱሉ ዲምቱ ይባላል። በኦሮምኛ «ቱሉ» ማለት ኮረብታ፣ «ዲምቱ» ማለት ቀይ ነው። ስሙን ያወጡት የጥንት ሰዎች የሥነ ምድር ትምህርት ሳይማሩ የቦታውን ባሕርይ በሁለት ቃል ገልጸውታል። ቅላቱ የእሳት ሥራ ነውና። በሚሊዮን ከሚቆጠሩ ዓመታት በፊት ምድር በዚህ ስፍራ ተሰንጥቃ እሳተ ገሞራ ስትተፋ፣ የቀለጠው ድንጋይ በውስጡ የታመቀውን ጋዝ እንደ ያዘ ወደ ላይ ተረጨ፤ በአየር ላይ እየቀዘቀዘም በአፈ ገሞራው ዙሪያ ተከመረ። ጋዙ ሲወጣ ድንጋዩን ቀዳዳ ቀዳዳ ስላደረገው ቀላል ሆነ። በውስጡ ያለው ብረትም በግለቱ ሳለ ከአየር ጋር ተገናኝቶ እንደ ዝገት ቀላ።

እንግዲህ ኮረብታውን መጀመሪያ የሠራው እሳት ነው፤ ኋላ የቆረሰው ደግሞ ከተማ ነው። አዲስ አበባ በ1886 እ.ኤ.አ. ከተቆረቆረች ወዲህ ያለ ድንጋይ የቆመችበት ቀን የለም። ለመሠረት ጥቁር ድንጋይ፣ ለግንብ ጥርብ ድንጋይ፣ ለመንገድ ጠጠርና ገረጋንቲ፣ ለብሎኬት ቀላሉ ቀይ ድንጋይ ያስፈልጋታል። ድንጋይ ደግሞ ከባድ ዕቃ ስለ ሆነ ከሩቅ ቢያመጡት ዋጋው ለመጓጓዣ ያልቃል። ስለዚህ ከተማ ሁልጊዜ የሚበላው በአቅራቢያው ያለውን ተራራ ነው። ይህ የአዲስ አበባ ብቻ ጠባይ አይደለም፤ በዓለም ላይ ያሉ ብዙ ትልልቅ ከተሞችም እንዲሁ አድርገዋል።

አቃቂ ለዚህ ሥራ የተመቸ ቦታ የሆነበት ሌላም ምክንያት አለ፤ ይኸውም መንገድ ነው። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር ሐዲድ በ1902 እ.ኤ.አ. ድሬዳዋ ከደረሰ በኋላ ብዙ ዘግይቶ በ1915 እ.ኤ.አ. አቃቂ ገባ። ከዚያም ሁለት ዓመት ቆይቶ በ1917 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ደረሰ። በእነዚያ ሁለት ዓመታት ከባሕር ማዶ የመጣ ዕቃ በሐዲድ እስከ አቃቂ ይደርስ ነበር፤ የቀረው ሃያ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ ፋብሪካውም መጋዘኑም በዚሁ መሥመር ተተከለ። በ2014 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የአዲስ አበባና የአዳማ የፍጥነት መንገድም መነሻው እዚያው ቱሉ ዲምቱ ሆነ። ለቀዩ ኮረብታ የወጣው ስም ዛሬ የትልቅ አውራ ጎዳና በር ስም ሆኗል ማለት ነው።

ድንጋይ የሚወጣበትን ስፍራ ሠራተኞቹ «ካባ» ይሉታል፤ ቃሉ በጣሊያንኛ «ካቫ» ከሚባለው ጋር አንድ ይመስላል። በካባ የሚሠራ ሰው ኑሮው ከባድ ነው። ጥቁሩን ድንጋይ በድማሚት ያፈርሳሉ፣ በመዶሻና በመሮ ይጠርባሉ። ቀዩን ግን ከሥሩ በዶማ ቢቦረቡሩት ራሱ ይናዳል። ችግሩም እዚህ ላይ ነው። የኮረብታው ጎን በተፈጥሮው ጋደል ብሎ ተኝቶ ነበር፤ ሲቦረቦር ግን እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ ይቆማል። እንዲህ የቆመ ልቅ ድንጋይ መቼ እንደሚወርድ አይታወቅም። የምንረግጠው መንገድና የምንተኛበት ቤት የእነዚህ ሰዎች ላብ እንዳለበት ልንዘነጋ አይገባም።

ሰው በዚህ አገር ድንጋይ ፍለጋ የወጣው ግን በከተማ ዘመን ብቻ አይደለም። ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በላይኛው አዋሽ ዳር፣ መልካ ቁንጥሬ የሚባል ስፍራ አለ። ይህን የጥንት ሰው መኖሪያ በ1963 እ.ኤ.አ. ለሳይንስ ያስተዋወቀው ጌሪት ዴከር የተባለ የሆላንድ ተወላጅ የውኃ ባለሙያ ነበር። በአቅራቢያው ባልጭት የሚባል ቦታ ይገኛል፤ የቦታው ስም ራሱ ባልጩት የሚባለውን እንደ መስተዋት የሚያብረቀርቅ ጥቁር ድንጋይ ያስታውሰናል። የጥንት ሰዎች ከ1.7 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ጀምሮ ይህን ድንጋይ እየለቀሙ መሣሪያ ይሠሩበት ነበር። ሁለቱም ቦታዎች በ2024 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብተዋል። የጥንቱ ሰው ድንጋይ የለቀመበት ስፍራ ቅርስ ከተባለ፣ የእኛ ዘመን ሰው ድንጋይ ያወጣበት ስፍራስ ቆሻሻ መጣያ ብቻ ሆኖ መቅረት አለበትን?

አሁን ወደ ሦስተኛው ጥያቄ ደረስን። ካባው ድንጋዩ ሲያልቅ ወይም ከተማው ሲደርስበት ይዘጋል። መኪናው ይሄዳል፣ ሠራተኛውም ወደ ሌላ ኮረብታ ይዛወራል። የሚቀረው ጉድጓድና ገደል ነው። ጉድጓዱ በክረምት ውኃ ያቁራል፤ ለልጆችና ለከብቶች ወጥመድ ይሆናል። ቀድሞ በኮረብታው ትከሻ ላይ ያልፍ የነበረው የእግር መንገድ፣ ወደ ገበያ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያንና ወደ ወንዝ የሚወስደው መንገድ፣ በድንገት ገደል አፋፍ ላይ ይቋረጣል። አባቶች የረገጡት መንገድ ለልጆች ሳይደርስ ቀረ ማለት ነው።

ከዚህም የሚብስ ነገር አለ። አዲስ አበባ ከገፈርሳና ከለገዳዲ ግድቦች ሌላ ከአቃቂ በሚቆፈሩ ጥልቅ ጉድጓዶች ውኃ ትጠጣለች። ያን ውኃ የሚይዘው ያው ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው የእሳት ድንጋይ ነው። ኮረብታውን ለመንገድና ለብሎኬት ተፈላጊ ያደረገው ባሕርይ ዝናብንም ወደ ውስጥ የሚያሳልፈው ባሕርይ ነው። እንግዲህ በተዘጋ ካባ ውስጥ ጥራጊና የፋብሪካ ዝቃጭ የሚጥል ሰው፣ ከዐይኑ ያራቀ ቢመስለውም፣ ወደ መጠጥ ውኃችን ሊወርድ በሚችልበት ስፍራ እየጣለ ነው። ነገሩ የውበት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልደከምን ነበር፤ የጤና ጉዳይ ግን ነው።

ሌሎች ሕዝቦች እንዲህ ያለውን ቁስል እንዴት እንዳከሙት ማየት ይጠቅማል። በሰሜን ፈረንሳይ ኖር ፓ ደ ካሌ በሚባለው አገር ከሰል ለሦስት መቶ ዓመታት ያህል ሲወጣ ቆይቶ በ1990 እ.ኤ.አ. ቆመ። ከምድር ውስጥ ወጥቶ የተከመረው ገለባ ድንጋይ በሜዳው ላይ እንደ ተራራ ቀርቶ ነበር። ሕዝቡ ቁልሎቹን ሁሉ አላፈረሰም፤ ከቀሩት ላይ የእግር መንገድ አወጣ፣ የአባቶቹንም ድካም ለልጆቹ የሚያሳይበት አደረገው። አካባቢው በ2012 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ።

ፈረንሳይ ሀብታም አገር ናት የሚል ቢኖር፣ ወደ ጎረቤታችን ወደ ኬንያ ይመልከት። በሞምባሳ አጠገብ ባምቡሪ በተባለ ስፍራ ለሲሚንቶ ፋብሪካ ድንጋይ የወጣበት ሰፊ ቦታ ራቁቱን ቀርቶ ነበር። ሬኔ ሃለር የተባለ ሰው በ1971 እ.ኤ.አ. እዚያ ዛፍ መትከል ጀመረ። ብዙ ዓይነት ዛፍ ሞክሮ በተለይ ሸውሸዌ በባዶው ድንጋይ ላይ ጸደቀለት። የወደቀው ቅጠል ግን አልበሰብስ አለ፤ ብዙ እግር ያላቸውን ትሎች አምጥቶ ለቀቀበትና እነርሱ እየበሉ አፈር አደረጉት። ከዚያ በኋላ ሌላው ዛፍ፣ ወፉና እንስሳው ተከተለ። በ1984 እ.ኤ.አ. ስፍራው ለሕዝብ ተከፈተ፤ ሰዎችም በዛፎቹ መካከል በእግር ይመላለሱበት ጀመር። እንግዲህ ዋናው ነገር ትዕግሥትና ብልኀት እንጂ የገንዘብ ብዛት ብቻ አልነበረም።

በእኛም አገር ሕጉ አልጠፋም። የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002 ባለፈቃዱ በአካባቢው ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት መልሶ ለማልማት ገንዘብ እንዲመድብ ያዝዛል። የሚቀረው ትእዛዙ ከወረቀት ወደ ኮረብታው መውጣቱ ነው። ፈቃድ የሚሰጥ ሹም ድንጋዩ ከየት እንደሚቆረጥ ሲፈቅድ፣ ሥራው ሲያልቅ መንገዱ በየት እንደሚያልፍም አብሮ ቢጽፍ መልካም ነው።

ሥራውም ከባድ አይደለም። ቀጥ ያለውን ግድግዳ ደረጃ በደረጃ ጋደል ማድረግ፣ የጎርፍ ቦይ ማውጣት፣ ግራርና ወይራ መትከል፣ ጠመዝማዛ የእግር መንገድ መጥረግ ነው። ከተቆረጠው ጎን አንዱን ክፍል ግን፣ እንዳይናድ ካረጋጉ በኋላ፣ ሳይሸፍኑ መተው ይገባል። ቀዩና ጥቁሩ ንብርብር በግልጽ የሚታይበት ያ ግድግዳ፣ አስተማሪ ተማሪዎቹን አቁሞ ምድር እንዴት እንደ ተሠራች የሚያስተምርበት ትልቅ ሰሌዳ ነው። ተማሪው ጫፍ ላይ ሲወጣ በስተ ሰሜን እንጦጦን፣ በስተ ምሥራቅ የረርን፣ በስተ ምዕራብ ፉሪን፣ በስተ ደቡብ ዝቋላን ያያል፤ ከእግሩ ሥር ደግሞ ከተማው የተሠራበትን ድንጋይ ይረግጣል። ታሪክና ጂኦግራፊ በአንድ ሰዓት እንዲህ የሚገናኙበት የትምህርት ክፍል ከወዴት ይገኛል?

ድንጋይ ከቶ አይውጣ ማለታችን አይደለም። ከተማ መሠራት አለበት፤ ድንጋይ ጠራቢውም እንጀራ ይፈልጋል። እንዲያውም ኮረብታውን የሚያውቀው እርሱ ነውና፣ ካባው ሲዘጋ መንገዱን ለመጥረግና ችግኙን ለመትከል ከእርሱ የሚበልጥ ሠራተኛ የለም። ትናንት የቆረሰ እጅ ዛሬ ቢጠግን ኑሮውም አይቋረጥም፣ ኮረብታውም አይጠፋም።

«ተራራና ተራራ አይገናኝም፣ ሰውና ሰው ግን ይገናኛል» ይባላል። የእግር መንገድ ያለበት አገር ግን ተራራንም ከተራራ ያገናኛል፤ የአባትን ዘመን ከልጅ ዘመን ጋር ያገናኛልና። የአቃቂ ኮረብታዎች አካላቸውን ለከተማችን ሰጥተዋል። ከቀረው ላይ መንገዳቸውን ልንመልስላቸው የሚገባው፣ አበው «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ» እንዳሉት፣ ቆሻሻው ሳይሞላቸውና ገደሉ ሳይበዛ ዛሬ ነው።