የሄደውን ማን መዘገበው?

የዛሬው ትንሽ ረዘም ይላል፤ ጊዜ ሲኖራችሁ አንብቡት።

ሰሞኑን አንዲት እናት ትምህርት ቤት ድረስ መጡ። ልጃቸው በ2011 ሁለተኛው ሴሚስተር ላይ፣ 9ኛ ክፍል እያለ፣ ‹‹በባሕር›› የሄደ ነው። ለመጨረሻ ጊዜ የደወለው በ2012 ከየመን ነበር። ፍለጋቸውን አላቆሙም። ‹‹ኧረ መምህር፣ ለምዝገባ ያመጣው ጉርድ ፎቶ እናንተ ዘንድ አይጠፋም ብዬ ነው የመጣሁት። እዚያ ያሉ ሰዎች መልኩን ላኪልን አሉኝ›› አሉኝ። በቤታቸው አንድም ፎቶ የለም።

መዝገብ ቤት ገብተን ፈለግን። በ2014 ጦርነቱ ኩታበር ሲደርስ ፋይሎቻችን ተበታትነው ነበር፤ ከመሬት የለቀምነው ውስጥ ፎቶው የለም። የተረፈው የስም መጥሪያዬ ነው። ከስሙ ትይዩ በቀይ እስክሪብቶ ‹‹አቋርጧል›› ይላል። የጻፍኩት እኔ ነኝ። ወዴት እንደሄደ፣ ከማን ጋር እንደሄደ፣ ምንም አልጻፍኩም። ያ ልጅ ከዚህ አገር ስለመውጣቱ ያለው ማስረጃ ይቺ አንዲት ቃል ብቻ ናት።

የታሪክ መምህር ነኝና ነገሩን ወደ ኋላ ልውሰደው።

በ1965 እና 66 ወሎ ሲራብ የንጉሡ መንግሥት ወሬውን ደበቀው። ሰው ቀዬውን ጥሎ መንገድ ዳር ወደቀ። ከዚያ እልቂት በኋላ በ1966 የዕርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን ተቋቋመ። ኮሚሽኑ ሲነሳ ብዙዎቻችን የምናስታውሰው የስንዴውን ከረጢት ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላው ሥራው ነው፤ የዝናቡን፣ የአዝመራውንና የገበያውን ዋጋ ከየቦታው እየሰበሰበ ረሃብ ሳይደርስ የሚያስጠነቅቅ ክፍል አቋቁሞ ነበር። በግ ሲረክስና እህል ሲወደድ ምን እየመጣ እንደሆነ የወሎ ገበሬ ያውቀዋል፤ መንግሥት ያንን እውቀት በወረቀት ላይ ማስፈር የጀመረው ያኔ ነው።

ማስጠንቀቂያ ብቻውን አያድንም፤ ይህንንም አይተናል። ኮሚሽኑ በመጋቢት 1976 ለለጋሾች ‹‹ረሃብ እየመጣ ነው›› አለ። ለጋሾቹ ቁጥሩን ተጠራጠሩ፣ ደርግ ደግሞ ለ10ኛ ዓመት በዓሉ ሽር ጉድ ይል ነበር። 77 ደረሰ። ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ 600 ሺህ ያህል ሰው ተጭኖ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ከፋ፣ ጋምቤላና መተከል ሰፈረ። ያም ሆኖ የተራበውን የሚቆጥር መሥሪያ ቤት ነበረን። ለተሰደደውስ?

ወደ 2006 እንምጣ፤ ታላላቅ ተማሪዎቼ ታስታውሱታላችሁ። ሳዑዲ ኢቃማ ለሌላቸው ሠራተኞች ወረቀታቸውን እንዲያስተካክሉ ወይም እንዲወጡ ምሕረት ያወጀችው በ2005 መጋቢት መጨረሻ ላይ ነው። ቀነ ገደቡ ተራዝሞ ሰባት ወር ሆነ። ሰባት ወር! ድርቅ እንኳ ይህን ያህል ቀጠሮ አይሰጥም። የእኛ መንግሥት በበኩሉ ቀኑ ሊያልቅ ሲል፣ በጥቅምት 2006፣ ለሥራ ወደ መካከለኛው ምሥራቅ መሄድን አገደ። ጥቅምት 25 አፈሳው ተጀመረ። በሪያድ መንፉሃ ሰፈር ወገኖቻችን ተደበደቡ፣ ተገደሉም። ከዚያ በየቀኑ አውሮፕላን ቦሌ ሲያራግፍ ከረመ፤ በጥቂት ወራት ከ160 ሺህ በላይ ሰው ተመለሰ። ከታሰበው እጅግ የበለጠ ነበር። አገራችን ስንት ልጆቿ እዚያ እንዳሉ ያወቀችው ሲባረሩ ነው።

በእውነቱ በአቀባበሉ ብዙ ተደክሟል፤ መንግሥትም፣ የዓለም አቀፉ የስደተኞች ድርጅትም፣ ሕዝቡም። አሁን ባጃጅ የሚነዳ የያኔ ተመላሽ ግን እንዲህ አለኝ፦ ‹‹መምህር፣ ኤርፖርት ውሃና ብስኩት ሰጡን፣ የመኪናም ሰጡን። አገሬ ከገባሁ በኋላ የጠየቀኝ ያበደረኝ ሰው ብቻ ነው።›› ዕዳው ሲያስጨንቀው ተመልሶ በባሕር ሄደ። ሁለተኛ ተርሒል ገብቶ ነው የመጣው።

እገዳው እስከ ጥር 2010 ቆየ። ሰዉ ግን መሄዱን አላቆመም፤ አቅጣጫ ነው የቀየረው። ከደሴ ኮምቦልቻ፣ ባቲ፣ ሚሌ፣ ከዚያ ጅቡቲ፣ ኦቦክ፣ ጀልባ፣ የመን። በፈረንጆቹ 2019 ብቻ ከ138 ሺህ በላይ ሰው ከእኛ ቀጠና በባሕር የመን ገብቷል፤ አብዛኛው ኢትዮጵያዊ ነው። በሕጋዊ መንገድ የሄደ ቢያንስ ስሙ የሆነ ቦታ ይገኛል። በደላላ የሄደ ግን ያለው ደላላው ጋ ብቻ ነው። በ2008 የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ሲወጣ 8ኛ ክፍል ያጠናቀቀ፣ ስምምነት ወዳለበት አገር፣ በውል ይሂድ ይል ነበር፤ የሠራተኛ ጉዳይ አታሼም ይመደብ ይላል። ጥሩ ሕግ ነው። ነገር ግን የሚጠብቀው በበሩ የወጣውን ነው።

በ2012 ኮሮና ሲመጣ የሆነውን አስቡት። በሰሜን የመን ሁቲዎች ‹‹በሽታ አመጣችሁ›› ብለው በሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖቻችንን እየተኮሱ ወደ ሳዑዲ ድንበር ነዷቸው፤ ከወዲያም ተተኮሰባቸው። የተረፈው ታጎረ። በቤሩት አሠሪዎች የቤት ሠራተኞቻቸውን አምጥተው ቆንስላችን በር ላይ ጣሏቸው። የካቲት 28፣ 2013 ሰንዓ ውስጥ የስደተኞች ማቆያ በእሳት ተያይዞ ስንቱ አለቀ። የእኚህ እናት ልጅ ከእነዚህ በአንዱ መሃል ነው ድምፁ የጠፋው። በየትኛው? ዝርዝር በሌለበት የሞተው እንኳ ተለይቶ አይታወቅም።

ፊሊፒንስም እንደኛ ልጆቿን የምትልክ አገር ናት። በ1987 አንዲት የቤት ሠራተኛዋ ሲንጋፖር ውስጥ በስቅላት ተገደለች፤ ሕዝቡ ተቆጣ። በወራት ውስጥ አዲስ ሕግ ወጣ፤ ብዙ ሠራተኛ ባለበት አገር ኤምባሲው ሌት ተቀን የሚሠራ መጠጊያና አገልግሎት ማዕከል እንዲኖረው ግድ አለ። የእነሱም ችግር አላለቀም፤ ልጆቻቸው ዛሬም ይበደላሉ። ግን ለአንዲት ሴት ሞት ያን ያህል ሠሩ።

ሕግ ማውጣት የእኔ ሥራ አይደለም። የስም መጥሪያ ግን በእጄ ነው። ከዘንድሮ ጀምሮ ‹‹አቋርጧል›› ብዬ አልዘጋም። አንድ ደብተር ገዝቻለሁ፤ የወላጅ ስልክ፣ የሄደበት ወር፣ በየት በኩል እንደሄደ፣ አንድ ፎቶ። ደብተሩ ቤቴ ነው የሚቀመጠው። ጂዛን፣ ሪያድ፣ ጅዳ፣ ቤሩት ያላችሁ ተማሪዎቼ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ እባካችሁ ኮሜንት ላይ የማንንም ስም አትጻፉ።

ደግሞ የ2011 የ9ኛ ቢ ልጆች፦ የመጀመሪያው ሴሚስተር ሲያልቅ ከባንዲራው ሥር የተነሳነው የጋራ ፎቶ ነበር። ያለው ሰው ይላክልኝ። ከኋላ ረድፍ፣ ከረጅሙ ልጅ አጠገብ የቆመ ይመስለኛል።