«ቲንግ»፦ ከሸንጎ ወደ ዕቃ



ኖርዌጅኛ መማር የጀመረ ሰው ብዙ ሳይቆይ አንድ እንቆቅልሽ ያጋጥመዋል። «ቲንግ» የሚለው ቃል በተባዕታይ ጾታ ሲነገር ማናቸውንም ዕቃ ያመለክታል። ተባዕታይም አንስታይም ባልሆነው ሦስተኛው ጾታ ሲነገር ግን ሸንጎ ማለት ነው። በ1814 እ.ኤ.አ. ሕገ መንግሥት የተቋቋመው የአገሪቱ ምክር ቤት፣ ስቶርቲንግ፣ «ታላቁ ሸንጎ» የተባለው ከዚህ የተነሣ ነው።

ለመሆኑ ዕቃና ሸንጎ በምን ተዛመዱ? የቃላት ትርጉም ሁልጊዜ ከሚዳሰሰው ወደማይዳሰሰው ይሄዳል ብለን የማሰብ ልማድ አለን። እዚህ ላይ ግን ልማዱ ያሳስተናል፤ ቀዳሚው ሸንጎው ነው።

በሰሜን እንግሊዝ፣ በሐድሪያን ግንብ አጠገብ ባለው በሃውስስቴድስ ምሽግ፣ በ1883 እ.ኤ.አ. አንድ የላቲን ጽሑፍ ተገኘ። በሦስተኛው ምእተ ዓመት በሮማ ጦር ያገለገሉ ጀርመናውያን ወታደሮች ለ«ማርስ ቲንክሱስ» ያቆሙት ሐውልት ነው፤ ብዙ ሊቃውንትም ቅጽሉን «የሸንጎው አምላክ» ብለው ይፈቱታል። በመካከለኛው ዘመን ኖርዌይም ነጻ ሰዎች ሕግ የሚደነግጉበትና ሙግት የሚሰሙበት ጉባኤ ቲንግ ይባል ነበር። በምዕራብ ጉላቲንግ፣ በትሮንደላግ ፍሮስታቲንግ ስመ ጥር ነበሩ፤ ዛሬ ሁለቱም የይግባኝ ፍርድ ቤቶች መጠሪያ ናቸው።

ከዚያም ወደ ኋላ እንሂድ። በጎትኛ የቃሉ ዘመድ የሚሆነው ትርጉሙ «ጊዜ» ነው፤ ስለዚህ ጥንተ ትርጉሙ «የተቆረጠ ቀን» ሳይሆን አይቀርም። የችሎትን ደጅ የጠና ሁሉ ቀጠሮ ምን እንደ ሆነ ያውቃልና ማስረዳት አያሻኝም። የቀጠሮው ቀን ለጉባኤው ስም ሆነ፤ የጉባኤው ስም በፊቱ ለሚቀርበው ጉዳይ ተላለፈ፤ ጉዳይ የተባለው ሁሉ ደግሞ በመጨረሻ ማናቸውም ነገር ሆነ። በላቲንም ሙግትን ያመለክት የነበረው «ካውዛ» በጣልያንኛ «ኮዛ»፣ በፈረንሳይኛ «ሾዝ» ሆኖ ዕቃን ለመጥራት በቅቷል።

ሳላስበው «ነገር» አልሁ። ይህ ቃላችን በግእዝ ሥሩ ንግግር ነው፤ በአማርኛ ሙግትም ነው፣ ዕቃም ነው፤ ነገረ ፈጅና ነገረኛ ችሎቱን አልረሱትም። ከ«ቲንግ» ጋር የሥጋ ዝምድና የለውም፤ ዝምድና ሳይኖር መንገዱ መመሳሰሉ ግን ሊመረመር የሚገባው ነው። ኖርዌጅኛ ሁለቱን ትርጉሞች በጾታ ለያቸው። በእኛ ዘንድ ግን አንድ ሰው «ነገር አለኝ» ቢል፣ ዕቃ ይሁን ክስ የምናውቀው ቀጥሎ ሲናገር ነው።