ቆቦን የሚፈልግ ምን ያገኛል? ተገቢነትና ዝና በመፈለጊያ ሞተሮች ታሪክ

ቆቦ የሚለው ስም በላቲን ፊደል ተጽፎ በኢንተርኔት ሲፈለግ፣ በሰሜን ወሎ በራያ ቆላ የምትገኘው ከተማ በ2009 (እ.ኤ.አ.) ቶሮንቶ ውስጥ ከተቋቋመው የስም ሞክሼዋ፣ ማለትም ከአንድ የኤሌክትሮኒክ መጻሕፍት ኩባንያ ጋር ለቀዳሚው ስፍራ ትወዳደራለች፤ ኩባንያውን የሚጠቁሙ ገጾች እጅግ ስለሚበዙም ወደ ኋላ ትቀራለች። ይህ የሚሆነው መፈለጊያ ሞተሮች ውጤት ሲደረድሩ ሁለት የተለያዩ መመዘኛዎችን ስለሚያጣምሩ ነው።

አንደኛው መመዘኛ ተገቢነት ሲሆን፣ ገጹ ከተጠየቀው ቃል ጋር ያለውን ዝምድና ይለካል። እንግሊዛዊቷ ተመራማሪ ካረን ስፓርክ ጆንስ በ1972 እንዳመለከቱት፣ በጥቂት ሰነዶች ብቻ የሚገኝ ቃል በየቦታው ከሚገኝ ቃል የላቀ ክብደት ሊሰጠው ይገባል፤ «አቀንጭራ»፣ ማለትም በማሽላ ሥር ተጣብቆ ምግቡን የሚሻማው ጥገኛ አረም፣ «እርሻ» ከሚለው ቃል ይልቅ የፈላጊውን ፍላጎት ለይቶ ያሳያል። ሁለተኛው መመዘኛ ዝና ነው። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ላሪ ፔጅና ሰርጌ ብሪን በ1998 ይፋ ያደረጉት ፔጅራንክ የተባለው ስሌት፣ አንድን ገጽ የሚጠቁሙ አገናኞችን (ሊንኮችን) ብዛትና የጠቋሚዎቹን ገጾች ክብደት አንድ ላይ ይመዝናል፤ ዝናው ከጥያቄው ጋር ስለማይለዋወጥም ማንም ምንም ቢጠይቅ ያው ነው። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ግን ሁለቱ ሰዎች ዝናን ብቻውን አለመጠቀማቸው ነው፤ ቃሉ በርእስ ወይም በአገናኝ ጽሑፍ ላይ መገኘቱን ይመዝኑ፣ የቃል ድግግሞሽም ከተወሰነ መጠን በኋላ ነጥብ እንዳይጨምር ያደርጉ፣ ውጤቱንም ከፔጅራንክ ጋር ያጣምሩ ነበር። በ2005 ደግሞ ኒክ ክራስዌልና ባልደረቦቹ፣ ዝና የሚጨምረው ነጥብ እያደገ ሄዶ ወደ አንድ ጣሪያ ሲቃረብ እንዲገታ የሚያደርግ ቀመር አቀረቡ።

በአማርኛ ዝና የሚለካበት መሠረት ስስ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ፣ ማለትም በኮምፒውተር ፊደላት ዓለም አቀፍ መለያ፣ የተካተተው በ1999 ሲሆን፣ ከዚያ በፊት የነበሩት የአማርኛ ፊደል ፕሮግራሞች የየራሳቸውን ቁጥር ስለሚጠቀሙ በአንዱ የተጻፈውን በሌላው መፈለግ አስቸጋሪ ነበር። እርስ በርስ የሚጠቋቆሙ የአማርኛ ገጾችም ጥቂት ናቸው። ስለዚህ ለአማርኛ ፍለጋ ተገቢነት መቅደም፣ ዝናም በተገቢነት የተቀራረቡ ገጾችን ለመለየት ብቻ መግባት ይኖርበታል። ለዚህ ደግሞ የቃሉን እርባታ ማወቅ ግድ ነው፤ «ማሽላ»፣ «የማሽላው» እና «ለማሽላችን» አንድ መሆናቸውን ያልተረዳ ሞተር ተገቢውን ገጽ አያገኝም። ነጋ ዓለማየሁና ፒተር ዊሌት በ2003 ባሳተሙት ጥናት ግንደ ቃልንና ሥርን የተከተለ የአማርኛ ፍለጋ የቃሉን ሙሉ ቅርጽ ብቻ ከሚከተለው እንደሚሻል አሳይተዋል።

የዝናና የተገቢነት ልዩነት በቆቦ ገበሬ ፍለጋም ይታያል። አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ በማውጣታቸው በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን የተቀበሉት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ ስማቸው በብዙ ገጾች መጠቀሱ ይገባቸዋል፤ የቆቦ ገበሬ የሚሻው ግን ለቆላው ተስማሚ የሆነው ዝርያ የቱ እንደሆነና መቼ እንደሚዘራ ነው፤ ይህን በቅርበት የሚያውቀውም እንደ ሲሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል ያለ ተቋም ነው። የአካባቢው ተቋማት የምርምር ውጤታቸውን በፎቶግራፍ መልክ ሳይሆን ሊፈለግ በሚችል የአማርኛ ጽሑፍ ሊያወጡ፣ አንዱም የሌላውን ገጽ ሊጠቁም ይገባል።