የተቆረጠ እግር ለምን ያማል?

«እግሬ ከተቆረጠ ቆየ፤ ጣቶቼ ግን ያቃጥሉኛል» የሚል ሰው ስትሰሙ «አብዷል» አትበሉ። ሕመሙ የእውነት ነው።

ፈረንሳዊው የጦር ሜዳ ሐኪም አምብሯዝ ፓሬ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ስለዚሁ ሕመም ጽፈዋል። አሜሪካዊው የነርቭ ሐኪም ዊየር ሚቸል ደግሞ በአገራቸው የእርስ በርስ ጦርነት የቆሰሉትን አክመው በ1871 እ.ኤ.አ. ስም አወጡለት።

ምክንያቱ ይህ ነው፦ የአንጎላችን የላይኛው ሽፋን የመላ አካላችንን ካርታ ይዟል። እግር ሲቆረጥ ካርታው አብሮ አይቆረጥም፤ የተጎዳውም ነርቭ መልእክት መላኩን ሊቀጥል ይችላል። ደግነቱ አንጎል ይለወጣል፣ ይማራል። በ1990ዎቹ ዶክተር ራማቻንድራን እጃቸውን ላጡ ሰዎች የጤነኛውን እጅ ምስል በመስታወት፣ በጠፋው እጅ ቦታ እንዳለ አድርገው ቢያሳዩአቸው አንዳንዶቹ ሕመሙ ቀለል አላቸው።

ስለዚህ ሕመማችሁን አትደብቁ፤ ወደ ጤና ጣቢያ መጥታችሁ ንገሩን።