ሜክሲኮ የምስጋና ቀን የላትም፤ ምስጋና ግን አላት

አሜሪካውያን በየዓመቱ በኖቬምበር አራተኛው ሐሙስ ለታንክስጊቪንግ ገበታ ሲከቡ፣ ጎረቤታቸው ሜክሲኮ ሥራ ላይ ናት። በብሔራዊ በዓላቷ ዝርዝር ውስጥ እንዲህ ያለ ቀን የለም። የሚገርመው፣ የዚያ ገበታ ንጉሥ የሆነው ተርኪ የዘር ሐረጉ ከሜክሲኮ ይመዘዛል። ያላመዱት ስፔኖች ከመምጣታቸው ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት የነበሩ የአገሩ ነባር ሕዝቦች ናቸው።

ታዲያ ሜክሲኮዎች ለመከር አያመሰግኑም ማለት ነው? ያመሰግናሉ፤ ያውም ከሙታን ጋር።

ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2008 በቅርስነት የመዘገበው የሙታን በዓል የሚውለው በኦክቶበር መጨረሻና በኖቬምበር መባቻ፣ የበቆሎው የዓመት ዑደት ሲጠናቀቅ ነው። ቤተሰብ መንገዱን በአበባ እየበተነ፣ ሻማ እያበራ፣ ሟቹ ይወደው የነበረውን ምግብ ያቀርባል። በነባር ሕዝቦች እምነት ሙታን ከተከበሩ በረከት፣ የተትረፈረፈ በቆሎም ጭምር ያመጣሉ፤ ከተዘነጉ ደግሞ መዓት። ፌብሩዋሪ 2 በካንዴላሪያ በዓል በብዙ መንደሮች ዘር ወደ ቤተ ክርስቲያን ተወስዶ ይባረካል። በዋሃካ ግዛት በጁላይ የሚከበረው ጌላጌትሳ ደግሞ ስሙን ያገኘው ዛሬ ሰጥተህ ነገ ከምትቀበልበት፣ ከእኛ ወንፈል ጋር ከሚቀራረብ የሳፖቴክ ልማድ ነው።

ምስጋናው የቆመው በበቆሎ ላይ ነው። አደጋውም እዚያው ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 የሰሜን አሜሪካ ነፃ የንግድ ስምምነት ሥራ ላይ ሲውል፣ በመንግሥት ድጎማ የሚመረት የአሜሪካ በቆሎ ድንበሩን እያጥለቀለቀ ገባ። ዛሬ የበቆሎ መገኛ የሆነችው አገር ከዓለም ዋነኛ በቆሎ ገዢዎች አንዷ ናት፤ የምትገዛውም አብዛኛው ለእንስሳት መኖ ነው። «ያለ በቆሎ አገር የለም» የሚለው ንቅናቄ የተነሣውም፣ ሴፕቴምበር 29 የበቆሎ ቀን ሆኖ መከበር የጀመረውም በዚሁ ቁጭት ነው። በዲሴምበር 2024 የንግድ ዳኞች ሜክሲኮ በልውጠ ህያው በቆሎ ላይ የጣለችውን ገደብ ውድቅ አደረጉባት። እሷም በማርች 2025 እንዲህ ያለው በቆሎ በአፈሯ እንዳይዘራ በሕገ መንግሥቷ ከለከለች።

ታንክስጊቪንግ ድንበሩን አልተሻገረም። ተከትሎት የሚመጣው የቅናሽ ገበያ ግን ከ2011 ጀምሮ «ኤል ቡዌን ፊን» በሚል ስም በየኖቬምበሩ ሜክሲኮ ውስጥ ደርቷል። በዓል በአዋጅ አይገባም፣ በአዋጅም አይጠፋም። የሜክሲኮ የመከር ምስጋና የሚጠፋው ዘሩን የሚያስቀምጠው ገበሬ መሬቱን ጥሎ የወጣ ዕለት ነው።